ንቧና ዝም ያለው ፒክአፕ

በሕይወቴ ምዬ ልንገራችሁ፣ ከዚህ ወሬ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት ብትገኝ የቀሩኝ ሦስት ጥርሶች ይርገፉ፣ ጊታሪስቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ጊታሩ እንደ ሕመምተኛ ሆዱን ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚያነሳው ፒክአፕ ተነቅሎ ወጥቷል፣ ቀጭን ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ ሞቷል፣ አለቀ፣ ይሄ እንኳን ሊድን ለመቅበርም አይመች ይላል ጠጋኙ፣ የመበየጃው ጫፍ ይጨሳል፣ እና የቱን ልግጠምልህ አለቃ፣ የቱን።

የቱን።

ሁለት ናቸው፣ አንደኛው ባለ ድርብ የሽቦ ጥቅል ነው፣ ዝም ያለ፣ አዲስ ሙሽራ እንኳ እንደሱ አንገቷን አትደፋም፣ ሁለተኛው ባለ ነጠላ፣ የሟቹ መንትያ ወንድም ማለት ነው፣ ንቧም አብራው አለች፣ ንቧ የሚሏት ገመዱ ከአምፕሊፋየሩ ጋር እንደተገናኘ ገና ሳይጫወቱ የምትነሳዋ ዝዝዝዝ ናት፣ ጠጋኙ ቅድም ቢሞክራት ድመቷ ከመደርደሪያው ዘላ በመስኮት ወጣች፣ ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ የገዛ ማሽኑ በርቶ የቀረ መስሎት ሶኬቱን ነቀለ፣ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ አስቀምጦ።

ታዲያ ምኑ ያሳስባል፣ ዝም ያለውን ውሰድና ሂድ፣ የባንዱ መሪ፣ ወታደር ቤት በደጁ ሳያልፍ በጩኸቱ ብቻ ሻለቃ የተባለው ሰውዬ፣ ትናንት ልምምድ ላይ ፊቱን ቲማቲም አስመስሎ፣ ስማ፣ ዛሬ ማታ ያቺ ንብህ መድረኬ ላይ ከወጣች አንተም አብረሃት ትበራለህ፣ በአንተ ቦታ የሚቆም ሰው አዘጋጅቻለሁ፣ ቀልዴን አይደለም ብሎታል፣ አልቀለደም፣ ሻለቃ ሲቀልድ ታይቶ አያውቅም፣ ዝም ያለውን በል፣ ሁለት ቃል ነው፣ በል እንጂ።

የሞተውን ፒክአፕ አንስቶ ያገላብጣል።

ቤት ውስጥ አባቱ አለ፣ አባባ፣ ጊታሩ የሱ ነበር፣ የዓይኑ ብርሃን ከጠፋና ነገር ሁሉ ከተደበላለቀበት ወዲህ ልጁን ማነህ ይለዋል፣ እኔ ነኝ አባባ፣ እኔ ማን፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነህ፣ አይደለሁም አባባ፣ እንግዲያው ምን ልትሰርቅ መጣህ፣ እንዲህ ተባብለው ይውሉና ልጅየው ሳሎን ገብቶ ጊታሩን ሲሰካ ንቧ ትነሳለች፣ እጁን ክሮቹ ላይ ሲያሳርፍ ደግሞ እልም ትላለች፣ ጠባይዋ ነው፣ እጅ ሲነካት ትተኛለች፣ ያኔ ከመኝታ ቤት ያ የሻከረ ድምፅ፣ መጣህ እንዴ፣ ይላል፣ መጣህ እንዴ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በፊት በድምፁ አያውቀውም፣ በመልኩማ ተወው፣ በንቧ መተኛት ነው የሚያውቀው፣ ዝም ያለውን ከገጠመ ምን ይተኛል፣ ያልነቃ ነገር ምን ይተኛል።

ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልደውል፣ ይላል፣ ጠጋኙ ቅንድቡን ያነሳል፣ ፒክአፕ ለመምረጥ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል እንዴ፣ እትዬ ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ አድርጊልኝ፣ ታላቅ እህቱ ናት፣ ፂሙን እየላጨሁት ነው፣ ግማሹ ቀርቷል፣ ምን ሆንክ ደሞ፣ ምንም አልሆንኩም አድርጊልኝ ብቻ፣ ጠጋኙ ዝም ያለውን ፒክአፕ ሽቦውን ለጊዜው አያይዞ ጎድጓዳው ውስጥ ለሙከራ ያስቀምጠዋል፣ ስልኩ አምፕሊፋየሩ ፊት ነው፣ ይጫወታል፣ አባባ ያስተማረውን የመጀመሪያውን ዜማ፣ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ሻለቃ እንከን የማያወጣለት፣ ከስልኩ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ፣ ሬዲዮኑን ዝጊልኝ።

ሬዲዮኑን።

ሌላውን አድርግልኝ ይላል፣ ጠጋኙ አሁን አይስቅም፣ ይቀይረዋል፣ ዝዝዝዝ፣ ንቧ ቤቱን ትሞላዋለች፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ እጁን ከክሮቹ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይዞታል፣ አያሳርፍም፣ ካሳረፈስ በኋላ ማነህ ቢለውስ፣ እስከ ዛሬ ያወቀው የሟቹን ፒክአፕ ንብ ከሆነስ፣ የዚህኛው ንብ ሌላ ከሆነችስ፣ ያን ጊዜ ምን ይቀረዋል፣ ካላሳረፈ ግን አይሰማም፣ አሳርፍ፣ አሳርፍ እንጂ፣ ጣቱ ይወርዳል፣ እልም።

በስልኩ የእህቱ ትንፋሽ፣ ምላጭ ሳህን ላይ ሲቀመጥ፣ ከዚያ፣ ልጄ፣ እጅህን ዘግይተህ ነው ያሳረፍከው፣ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ዜማ፣ ስንቴ ልንገርህ፣ ይላል አባባ።

ስንቴ ነገረው፣ ገና ጊታሩ በቁመት ከሱ ይበልጥ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነግሮታል፣ እሱ ግን መድረክ ሲለምድ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት፣ እጁን እያነሳ ሰላምታ መስጠት ጀመረ፣ በዘፈንና በዘፈን መሀል፣ ደግሞ በዘፈኑም መሀል፣ ቀኝ እጁን እንደ ባለሥልጣን እያውለበለበ፣ ለካ ንቧ የምትወጣው ያኔ ነው፣ እሷ ምን አጠፋች፣ ክሮቹን ሜዳ ላይ ጥሎ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ሻለቃ እኮ የሰማው ንብ ሳይሆን የሱን ጉራ ነው፣ ዛሬ ማታ እንግዲህ ሰላምታ የለም፣ ያጨብጭቡ፣ ይጩኹ፣ እናቱ ከመቃብር ተነስታ ብትጠራው እንኳ በአንገቱ ነው የሚመልስላት፣ ንቧ አንዴ ካመለጠችው አለቀለት፣ ያውቃል፣ ቢሆንም።

ባለ ነጠላውን በይደው ይላል።

እርግጠኛ ነህ፣ በይደው አልኩህ፣ ጠጋኙ መበየጃውን ያነሳል፣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ እንግዲያው እጅህን ከክሮቹ ላይ አንሳልኝ አለቃ፣ በእጅህ ላይ ልበይድ እንዴ።

አያነሳም፣ አባባ ገና ስልኩ ላይ ነው፣ ትንሽ ቆይ ይለዋል።

ሁሉም እውነት ነው፣ ድመቷም፣ ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬም። «ልጄ» የምትለዋን ብቻ እኔ ነኝ የሰካኋት፣ ሽማግሌው አላላትም፣ ለሷ አንዱን ጥርሴን ውሰዱ፣ ሁለቱን ተዉልኝ።