የጋሽ አብዱልሰላም ጉርሻ

ስትሮኩ ጋሽ አብዱልሰላምን የመታው ቀኝ እጁን መርጦ ነው። በዚያ እጅ የፒያሳን ሰዓቶች ግማሹን ጠግኗል። በግራ እጅ መብላትን ደግሞ «ነውር ነው» ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ያጎርሰው ጀመር። የእኔ ተራ ማክሰኞና ቅዳሜ ነበር።

ሰውየው ወፈረ፤ እጁ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሚስቱ ረሂማ ከሳች። ጠያቂ በገባ ቁጥር ወጥ ታሞቃለች፣ ሰሃን ታጥባለች። የሰዓት ሱቃቸው ተዘግቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ እጁ ካልተመለሰ ቁልፉን ለአከራዩ ለአቶ ሉልሰገድ ልታስረክብ ተስማምታለች።

አምስት ኪሎ ጋ ስትሮክ የመታቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው የሚሰበሰቡበት ማኅበር አለ። ረሂማ እዚያ ሄዳ አለቀሰች። ከማኅበሩ ማራናታ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተላከች። ስትገባ ፀጉር አስተካካዩ ካሕሳይ እንጀራ በምስር ወጥ ጠቅልሎ ሲያጎርሰው አገኘችው።

«አባባ፣ ጉርሻ ተቀብሎ ዝም ይባላል እንዴ?»

ጋሽ አብዱልሰላም አፈረ። «በየትኛው እጄ ልመልስ?»

«በታመመው ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ ያጎረሰዎትን ሁሉ በቀኝዎ ያጉርሱት። እምቢ ያለ አያጉርስዎ።»

«ምን ችግር አለው!» አለ ካሕሳይ። «አፌ እንደሆነ ትልቅ ነው፤ ና አብዱ!»

የመጀመሪያው ጉርሻ የካሕሳይ ግንባር ላይ አረፈ። ሁለተኛው ነጭ ሸሚዙን አገኘው። ሦስተኛው የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም።

«አንተ ሰውዬ፣ ታመሃል ወይስ ቂም ይዘህብኛል?» አለ ካሕሳይ ዓይኑን እያሸ።

«ዝም ብለህ ቁም! ምን ያወዛውዝሃል?»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ጠያቂው ሁሉ ከበር ላይ «ምሕረቱን ያምጣልህ» ብሎ መመለስ ጀመረ። እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራ በዛብኝ። የምታጎርሰው ረሂማ ብቻ ሆነች፤ ጉንጯ በርበሬ ለብሶ ይውላል።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ በወጣችበት ቅዳሜ፣ የዝናብ ካፖርቴን ለብሼ ገባሁ። ረሂማ አጉርሳው ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፍታለች። እጁ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ፤ አገጯ ጋ ሲደርስ አመነታ፤ ገባ።

ረሂማ ቀስ ብላ አኘከች። እንባዋ ወረደ።

«ምነው፣ አቃጠለሽ?» አላት።

«ጨው አንሶታል።»

«የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

«ከታመምክ ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው የለም» አለች። «ድገመኝ።»

ደገማት። ይኼኛው እኔ ጋ መጣ፤ ካፖርቴ አላሳፈረኝም።

ሰኞ አቶ ሉልሰገድ ቁልፉን ሊቀበል መጣ።

«ቁልፉ የትም አይሄድም» አለችው ረሂማ። «ይልቅ ይግቡ፣ ምሳ ይብሉ።»

ጋሽ አብዱልሰላም ቀኝ እጁን ታጥቦ ይጠብቀው ነበር።