ተሸካሚ የሌላት ቱቦ

በዛምቢያዋ ኪትዌ ከተማ ለኬሚስቶች ብርጭቆ ስነፋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጠማማ ቱቦ ሲያዙኝ እነጫነጫለሁ፤ ወጣቷ ኬሚስት ሙሌንጋ ደግሞ ሁለት በአንድ ጊዜ አዘዘችኝ።

"ሁለተኛዋ ለምንሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም እንዳይሆንባት ነው የምፈልጋት፣ የቾላ አባት።"

ለምንም ነገር ማን ብርጭቆ ይነፋል? እያጉረመረምኩ ሠራሁላት።

ቱቦዎቹ እንደ ታጠፈ ጉልበት ናቸው። ጉልበቱ ላይ ከውሃ የማይቀላቀል ከባድ ፈሳሽ፣ ክሎሮፎርም፣ ይተኛል፤ በግራ ክንድ ሰማያዊ የመዳብ ውሃ፣ በቀኙ ንጹሕ አሲድ ይፈስበታል። መዳብ ክሎሮፎርሙን ብቻውን አያልፍም። ሙሌንጋ ሰባት ወር ለፍታ የሠራችው ሞለኪውል፣ ተሸካሚ የምትለው፣ ግን ከግራ ተቀብሎ፣ አዝሎ አሻግሮ፣ ቀኝ ያወርደዋል። ይህ ከሆነ ከማዕድን ማውጫ ዝቃጭ ውሃ መዳብ ይለቀማል። ካልሆነ ሰኞ የሚመጡት ገምጋሚዎች የምርምር ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባትና ወደ ማንሳ ከተማ ተመልሳ አልጀብራ ታስተምራለች።

ሐሙስ ጠዋት ቀኙ ክንድ ሰማያዊ ሆነ። አለቃዋ ፕሮፌሰር ካንግዋ አጨበጨበ፤ እኔም ደስ አለኝ። እሷ ግን ዓይኗ ተሸካሚ ያልጨመረችባት ሁለተኛዋ ቱቦ ላይ ነበር። ያቺም ሰማያዊ ሆናለች።

ፕሮፌሰሩ ሳቀና፣ ያቺን ቱቦ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቢያት፣ እንግዶቹ አንዷን ካዩ ይበቃቸዋል አላት።

"ያለ ተሸካሚም ከተሻገረ፣ የኔው ምን ሠራ ልበል?" አለችውና ሁለቱንም ቆሻሻው ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠቻቸው።

ፈሳሹን የሚያዞረውን ማማሰያ አፍጥኜው ይሆናል እያለች ራሷን ስትወቅስ አረፈደች። እኔ ግን ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ክሎሮፎርም ለመቆጠብ ብዬ የጉልበቱን ጥልቀት በአንድ ጣት አሳጥሬዋለሁ፤ ሲማሰል ውሃው በዚያ ይሾልካል። ሃያ ሁለት ዓመት "የካፔምብዋ ብርጭቆ አይዋሽም" ሲባልልኝ ኖሬ፣ አፌ እንዴት ይከፈት? አፈርኩ። በምሳ ሰዓት ንሺማዬን፣ የበቆሎ ገንፎዬን፣ እንዳለ ትቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጉልበቱን አሳጠርኩት" አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ታዲያ ቆመው ምን ያዩኛል? እሳትዎን አይለኩሱም?" አለችኝ።

አርብን ሙሉ ነፋሁ። ሦስት ተሰበሩብኝ፣ ሁለት ተረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ማማሰያዎቹ በዝግታ መዞር ጀመሩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አብሬያት ስጠብቅ ዋልኩ።

ሰኞ ገምጋሚዎቹ ገቡ። የባለ ተሸካሚዋ ቱቦ ቀኝ ክንድ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይዟል፤ ሁሉም እሷን ከበቧት። እኔና ሙሌንጋ ወደ ሌላዋ ሄድን። ጎንበስ ብዬ ከኋላዋ ነጭ ወረቀት ያዝኩ። የቀኝ ክንዷ ውሃ ጠርቶ ወረቀቱ ብቻ ነው የሚታየው።

"ምንም አልሆነባትም" አልኳት።

ሙሌንጋ እጄን በሁለት እጇ ይዛ በአክብሮት ጉልበቷን ሰበር አደረገችልኝ። ከነፋሁት ብርጭቆ ሁሉ ስሜን የጻፍኩባት ያቺ ብቻ ናት።