የዓመቱ ምርጥ አበርካች

ኪዱ ሀርጌሳ ውስጥ ሴራሚክ እያነጠፈ ሲኖር አምስተኛ ዓመቱ ነው። ቀን ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ወለል ላይ ተንበርክኮ ይውላል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ «ብዕር በሀርጌሳ» በሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልብ ወለድ ይጽፋል። ግሩፑ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አሉት፤ ሁሉም በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ አብዛኞቹ ገጣሚ ነን ባዮች ናቸው። ኪዱ ዶክተር ናሆም ስለሚባል የልብ ሐኪም የጀመረው ታሪክ ክፍል ሠላሳ ደርሷል።

በጥር ወር የግሩፑ አስተዳዳሪ ፉዓድ የዓመቱ ምርጥ አበርካች እንደሚሸለም አስታወቀ። ፉዓድ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ሞባይል ይጠግናል፤ ክርክር አይወድም። «ዳኛ የለም። ቦት ቆጥሮ ይወስናል» ብሎ ጻፈ። ኪዱ ይህን ባነበበ ማግስት ፀጉሩን ተቆረጠ።

ቦቱ ቆጠረ። አንደኛ የወጣችው በሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት መልእክት ሰልዋ ሆነች።

ሰልዋ ኮምቦልቻ አማርኛ ስታስተምር ኖራ፣ አሁን መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ ልብስ የምትሰፋ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ግሩፑ ላይ አንድም ታሪክ፣ አንድም ግጥም ጽፋ አታውቅም። መልእክቶቿ በሙሉ «‹ሰአት› ሳይሆን ‹ሰዓት›»፣ «‹ሃኪም› ሳይሆን ‹ሐኪም›» የሚሉ ናቸው።

ውጤቱ በተነገረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠና ሰው ደስታውን ገለጸላት። አሥራ አንዱ «እንኩዋን ደስ አለሽ» ብለው ነበር የጻፉት፤ አመስግና ሁሉንም አረመቻቸው።

ነገሩ የተበላሸው የሰርተፍኬቱ ፎቶ ሲለጠፍ ነው። «አበርካች» የሚለው ቃል መስመሩ ላይ አልገባ ስላለው ፉዓድ «ጸሐፊ» ብሎ አሳጥሮታል። «የዓመቱ ምርጥ ጸሐፊ ሰልዋ» ይላል ሰርተፍኬቱ።

ገጣሚዎቹ ለሁለት ቀን ሥራ አልገቡም ማለት ይቻላል። አንዱ በቦቱ ላይ ይግባኝ የሚባልበትን መንገድ ጠየቀ። ሌላው ባለ ስድስት ስንኝ የስድብ ግጥም ለጠፈ፤ ሰልዋ ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንድ ፊደል አስተካከለችለት። ስለ ሰርተፍኬቱም «‹ጸሐፊ› ሳይሆን ‹አበርካች›» ብላ ጻፈች። ይህን ብዙዎች እንደ ንቀት ወሰዱት።

ኪዱ በሦስት ክፍል ተሰናበተ። የመጨረሻው ክፍል «ብዕሬን ሰቅያለሁ» ብሎ ያበቃል። በማግስቱ «እውነተኛው ብዕር በሀርጌሳ» የሚባል ሌላ ግሩፕ ከፈተ፤ አሥራ አራት ሰው ተከተለው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አራቱም ተሸለሙ።

ከዚያ ኪዱ ክፍል ሠላሳ አንድን ለጠፈ። ዶክተር ናሆም ስምንት ሰዓት በፈጀ ቀዶ ሕክምና የፍቅረኛውን አባት ያድናል። አሥራ አራት ልብ ተሰጠው፤ አስተያየት ግን የለም። «እንዴት አያችሁት?» ሲል ጠየቀ። «ምርጥ ነው፣ ቀጥል» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ የራሱን ታሪክ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። ክፍል አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዶክተር ናሆም በመኪና አደጋ ሞቷል። ቀብሩን ኪዱ ራሱ በሁለት ገጽ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ስለ ናሆም ወንድም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሰልዋ ሱቅ ሄደ። የሠርግ ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር።

«እትዬ ሰልዋ፣ እንደምን አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሞቷል እኮ» አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ማን?»

«ዶክተር ናሆም። ክፍል አሥራ ሁለት ላይ፣ ሐሙስ ዕለት ነው የተቀበረው። ጎረቤቴ ያንተ ግሩፕ ውስጥ አለች፣ ስልኳን ተቀብዬ አነበብኩት።»

ኪዱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «አሥራ አራት ሰው አንብቦ አንድም አልነገረኝም።»

«ልብ ሰጥተውሃል።»

ኪዱ የመጣው ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሽልማቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ውጤቱ ሳይነገር እናቴ ጋ ደውዬ ተሸለምኩ አልኳት። እስካሁን አላረምኩትም።»

ሰልዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ደውልላት።»

«አሁን?»

«አሁን።»

እንደ ተማሪ ታዘዛት። እናቱ ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው መንደራቸው ስልኩን አነሱ፤ ድምፃቸው ሱቁን ሞላው። ኪዱ እየተንተባተበ ነገራቸው።

«ታዲያ ማን ወሰደው?» አሉ እናቱ።

«አንዲት አስተማሪ።»

«እንግዲያማ ይገባታል» አሉና ወዲያው ስለ ጉንፋናቸው ማውራት ጀመሩ። ሰልዋ አንገቷን ደፍታ ክር በመርፌ ቀዳዳ ታስገባ ነበር፤ ክሩ ሦስት ጊዜ ሳተባት።

ስልኩ ሲዘጋ ኪዱ «አንቺ ግን ለምን አትጽፊም?» አላት።

«አንዴ ጀምሬ ነበር፤ አንድ ገጽ። ሳርመው፣ ሳርመው አለቀ።»

ሁለቱም አልሳቁም። ሰልዋ ልብሱን ወደ ጎን አድርጋ ክፍል ሠላሳ አንድን እንዲያሳያት ጠየቀችው። ወንድምየው የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ሊሠራ አይችልም። በመጨረሻ አባትየውን በመኪናው ሌሊቱን ነድቶ ሆስፒታል እንዲያደርሰው ተስማሙ። ኪዱ እዚያው ተቀምጦ ጻፈው፤ ከፊተኛው አጠረ፣ ግን ተሻለ።

በማግስቱ ወደ ድሮው ግሩፕ ተመለሰ። ፉዓድ ምንም ሳይል መልሶ አስገባው። አዲሱን ክፍል ሲለጥፍ አንድ አባል «ብዕርህን ሰቅለህ አልነበር?» አለው። ኪዱ «አወረድኩት» ብሎ መለሰ፤ በዚህም ነገሩ አበቃ።

ታሪኩ ክፍል አርባ ላይ ተፈጸመ፤ ሹፌሩ አገባ። ፉዓድ ለሚመጣው ዓመት በቦቱ ፋንታ ዳኞች እንደሚፈልግ ሲያስታውቅ ስልሳ ሰባት ሰው ተመዘገበ። ሰልዋ አልተመዘገበችም። ዓርብ ዓርብ ደንበኛ ሲቀንስ ኪዱ አዲስ የጀመረውን ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ እሷ ስትሰፋ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል።