የሰባተኛው አባት ለቅሶ

ቢሽኬክ ውስጥ የምቀርጸው የሬዲዮ ድራማ ቀላል ነበር። ወጣቱ በጊዜ መንኮራኩር ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ሰባተኛ አባቱን ያገኛል፤ ሽማግሌው አቅፎት ያለቅሳል። አለቀ።

ሽማግሌውን የሚጫወቱት አባባ ጁማዲል ግን አላለቅስም አሉ።

«የማን ልጅ መሆኑን ሳላውቅ? መጀመሪያ ሰባት አባቶቹን ይቁጠርልኝ።»

«ድርሰቱ ላይ የለም» አልኳቸው።

«ድርሰቱን የጻፈው አባት የለውማ!»

ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወጣቱን የሚጫወተው ቲሌክ አልተከራከረም። ቅዳሜ እሳቸው ቤት ሽማግሌ ልኮ ልጃቸውን አይዚሬክን ሊያስጠይቅ ነበርና ሊያስቀይማቸው አልፈለገም። መንኮራኩሩን ሆና የምትናገረው እሷ ናት። ነገሩን ከአባቷ በቀር ስቱዲዮው በሙሉ ያውቃል።

ቲሌክ ቆጠረ፤ አራተኛው ላይ ቆመ።

«አራት ብቻ? የኔ ፈረስ እንኳ ካንተ የተሻለ ዘሩን ያውቃል!»

«በቃ፣ ለአባትህ ደውል» ብዬ ጮኽኩበት። ደወለና አባቱ የሚነግሩትን ስም እየተቀበለ ጮክ ብሎ ጠራ። ስድስተኛው ላይ «ቦሮንቾ» ሲል አባባ ጁማዲል ከወንበራቸው ዘለሉ።

«የአትባሺ አገሩ ቦሮንቾ? የኔም አምስተኛ አባት እኮ ነው!»

ቲሌክን አቅፈው አለቀሱ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ቀርጬ አላውቅም። ከዚያ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አይዚሬክ፣ ወንድምሽ ነው! እስከ ሰባት ቤት እኮ ወንድም ነው፤ ነይ ሳሚው!»

ማይኩን አልዘጋሁም። ለድራማው አንድ ለቅሶ ይበቃው ነበር፤ ሦስት ቀረጽኩ።