ለሜሳ ያስነፋው ጎማ

ንፋሱ ከጎማው ሽው እያለ ሲወጣ ግቢው ሁሉ ዞሮ አየ። አዲሱ አማች ኤልያቄም ሱፉን እንደለበሰ የንፋስ መለኪያ ይዞ በቀይዋ መኪናው የፊት ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ለሜሳ ዛሬ ጠዋት ራሱ ጎሚስታ ወስዶ ያስነፋውን ጎማ ያስተነፍሳል። ያውም በመልሱ ቀን፣ ያውም በልጅቷ አባት ደጃፍ፣ ያውም ዘመድ አዝማድ እያየ!

ለሜሳ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ተነሣ፤ ገና ብዙ ንፋስ ሳይወጣ አማቹን ከጎማው ላይ ገፈተረው። ዕድሜውን ሙሉ ከባኮ በቆሎ በአይሱዙ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። የዚያ መንገድ ሾፌር ጎማውን በብረት መትቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጠንክሮ ካልጮኸለት ንቅንቅ አይልም። የላላ ጎማ በቆላው ሙቀት ፈንድቶ፣ ባልደረባው ተሻለ ከነጭነቱ ገደል ሲገባ በዓይኑ አይቷል። ዛሬ ደግሞ ልጁ ዱሬቲ ባሏን ተከትላ በዚያው መንገድ ባኮ ልትገባ ነው። ጠዋት የዚህችን መሬት የምትልስ የሩጫ መኪና ጎማ በእግሩ መታ ቢያደርገው ለስለስ አለበት፤ ልቡ ስንጥቅ አለ። ጎሚስታውን ንፋሱን ሃምሳ አድርሰው አለው። ማንንም አላማከረም። ለገዛ ልጁ ማንን ያማክራል?

ኤልያቄም አቧራውን አራግፎ በትሕትና አስረዳ። መኪናዋ ቀላልና ፈጣን ናት፤ ጎማዋ ከልኩ በላይ ሲነፋ አስፋልቱን በመሃሉ ብቻ ይነካል፣ ኩርባ ላይ አይዝም፣ ዝናብ ሲጨመርበትማ አይጣል ነው አለ። ልኩ ሠላሳ ሦስት ነው፤ በሾፌሩ በር ጎን ተለጥፏል። ትሕትናው ለሜሳን ይብስ አንገበገበው። ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ አስተማሪ ሆነ! ጎረቤቱ ዓብዲሳ ከዳሱ ሥር፣ ለሜሳ ዛሬ ሰው አገኘ፣ ብሎ ሲስቅማ ጨርቁን ሊጥል ደረሰ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ወደዚህ» አላት ዱሬቲን። «በዚህ መኪና አትሄጂም።»

ዱሬቲ እጇን ከመኪናው በር ላይ አላነሣችም። የአባቷን ቁጣ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዛሬ ግን እሷም ተቆጥታለች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ መለሰችለት።

«አባዬ፣ እኔ በቆሎ አይደለሁም።»

ማንም አልሳቀም። ለሜሳ ከኤልያቄም እጅ የንፋስ መለኪያውንና የመኪናዋን ቁልፍ ነጥቆ፣ ቆይ አሳያችኋለሁ ብሎ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ካፊያ ጀምሯል። ከአምቦ ወጥቶ ወደ ጉደር ሲወርድ ለቀቃት። በዚህ መንገድ ያረጀሁ እኔ፣ እያለ፣ ዳሱ ሥር ላሉት ሁሉ መልስ እየሰጠ ነዳ። ኩርባው ላይ መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናዋ አልታዘዘችም። ፍሬን ያዘ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንዳለ ሳሙና ሙልጭ ብላ፣ ጀርባዋ ዞሮ፣ ፊቷን ወደመጣችበት መልሳ የቦዩ አፋፍ ላይ ቆመች።

ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ዱሬቲ እዚያ ላይ ያስቀመጠችው ነጠላ ወለሉ ላይ ወድቋል። ለሜሳ ነጠላውን አንሥቶ ወንበሩ ላይ መለሰው። መሪውን በጡጫ ነረተው። ጎማውን ተሳደበ፣ አማቹን ተሳደበ፣ ዓብዲሳን ተሳደበ፤ ኋላ የሚሰድበው ሰው ሲያልቅበት ራሱን ተሳደበ።

ግቢ ሲገባ የመኪናዋ ጎን ጭቃ በጭቃ ነበር፤ መከላከያዋ ላይ ሣር ተሰክቷል። ሁሉም አየ። ኤልያቄም መለኪያውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ለሜሳ አልሰጠውም። የክት ሱሪውን እንደለበሰ ጭቃው ላይ ተንበረከከና የጎማውን ክዳን መፍታት ጀመረ። ቁጣው ገና አልበረደም።

«ስንት ነው ያልከው?» አለ፣ ቀና ሳይል።