ከቁርስ ጋር

…ከቁርስ ጋር፣ እንዲያ ብላ ነው የጻፈችው፣ ጠዋት ጠዋት አንዲት ፍሬ ከቁርስ ጋር፣ ሰብሌ የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ባዶዋን የኪኒን ፌስታል ታገላብጣለች፣ ጽሑፉ የገዛ እጇ ነው፣ ቁርስ። በፍልሰታ የምን ቁርስ? አባቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። መካነ ሰላም ከተማ ቢሮ ተቀጥራ ጠዋት ጠዋት ሻይ በዳቦ ስትል ጾሙን ረሳችው፣ ወይ እሷ!

የደም ግፊታቸው እኮ ከፍ ያለው ትንሽ ነው፣ ጨው ይቀንሱ፣ በወሩ ይምጡ፣ ሐኪሙ ሌላ አላለም፣ እሷ ግን ወሩን መታገሥ አቃታት፣ ፖታሲየም ግፊት ያወርዳል ሲባል ስልኳ ላይ ሰማች፣ ሮጣ ገዛች፣ የአስራ አምስት ቀን፣ ማንን ጠየቀች፣ ማንንም፣ የሽማግሌ ኩላሊት ይችለዋል ወይ አላለችም፣ ቫይታሚን ነገር መስሏት፣ ወላጆቿ አገር ወግዲ በሚሄደው መኪና ላከችው፣ በጾሙ ዋዜማ።

እናቷ አሰጋሽ ከጎኗ ሆና ያንኑ ትደጋግማለች፣ አባትሽ ቁርስ የለም ብሎ አስቀመጠው፣ ዛሬ ጾሙ ሲፈታ ማዕድ ቀረበ፣ የከረመውን ኪኒን ሁሉ መዳፉ ላይ ዘረገፈው፣ ውሃውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔው ነኝ። ከዚያ ትውከት፣ ጉልበት መክዳት፣ ቃሬዛ፣ ጭቃ፣ የጭነት መኪና። እማዬ ዝም በይ ልትላት ትፈልጋለች።

በሩ ይከፈታል፣ ሐኪሙ ነው፣ ስንት ፍሬ ነው የዋጡት፣ አስራ አምስት፣ ባንዴ? ባንዴ። የልብ ምታቸው ተዛብቷል፣ የምንችለውን እያደረግን ነው፣ በሩ ይዘጋል። የምንችለውን። እሷስ ምን ትችላለች፣ ምንም፣ ፌስታል ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ ደግሞ ማጠፍ።

ቅድም አባቷን ከመኪናው ሲያወርዷቸው እጇን ፈልገው ያዟት፣ እጃቸው ላብ ብቻ ነበር፣ ፊታቸው ላይ ግን ኩራት ነገር፣ አንዷንም አላባከንሁብሽም ሰብልዬ፣ ሁሉንም ውጨዋለሁ፣ አሏት፣ እሷም ነገሩ ሳይገባት፣ ልታበረታቸው ብላ፣ ጎበዝ አባዬ፣ አለቻቸው፣ ጎበዝ