ያለ ስም የማይነፋው ጥሩምባ

የቀበሌው ስብሰባ የተጠራው ስለ ጎርፍ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሚዛን ተፈሪ ላይ ከረር ብሎ ነበርና ነዋሪው ለድንገተኛ አደጋ ይዘጋጅ የሚል ደብዳቤ ከአውራጃው መጣ። ሊቀመንበሩ ጓድ በላይነህ ቆሞ አነበበው። እያንዳንዱ ቤት አካፋና ገመድ ይኑረው፤ ወንዙ ዳር ያለው ታች ሰፈር ውሃ ሲመጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይውጣ፤ ምልክቱም በቀበሌው በር የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ይሁን።

የዓለምዘርፍ ከጎኑ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። የጂኦግራፊ መምህርት ናት። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ይህ ሥራ ከተጣለባት ስድስት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሌላውን ንግግር ጻፈች እንጂ እሷ አፏን ከፍታ አታውቅም።

«ቸርኬው ከተመታማ» አለች ጎደሬ ነጋዴዋ ንጋቷ ከኋላ ወንበር፣ «ታች ሰፈር የሚቀረው ዶሮ ብቻ ነው።»

«እሱም ሴቷ ናታ» አለ ከጎኗ ያለው ሰው። «አውራው ቀድሞ ነው ጫካ የሚገባው።»

አዳራሹ ሳቀ። በላይነህ ጠረጴዛውን መታ። ምን እንዳሳቃቸው እሱም አልጠፋውም። ባለፈው ዓመት ቸርኬው ለስኳር እደላ ነው ተብሎ ተመታ፤ ኩባያና ፌስታል ይዘው የመጡት ወጣቶች ከበሩ ላይ በመኪና ተጭነው ወደ ውትድርና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቸርኬው ሲጮህ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ወንዙ ዳር ካለው ቡናና እንሰት ውስጥ ይሰወራል። እናቶችም በር ይዘጋሉ።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ ማቴዎስ እጃቸውን አወጡ። የቤንች ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛን ቃል በቃል እየመረጡ፣ ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ጥሩምባ ቢሆንስ? ጥሩምባን ሰው አይሸሽም።»

«ጥሩምባ የሞት ነው» አለ በላይነህ። «ሰው ሳይሞት ሊነፉ ነው?»

«እሱስ አይሆንም» አሉና ተቀመጡ።

ደንቡን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ጥሩምባ ያለ ሟች ስም አይነፋም። በቆመ ሰው ስም መንፋት ደግሞ ሞትን ቤቱ ድረስ እንደ መላክ ነው። የዓለምዘርፍ «ምልክቱ ቸርኬ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብላ ጻፈች። ቀና ስትል አቶ ማቴዎስ ሲያዩዋት አገኘቻቸው፤ ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የሚያደርጋቸው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሏን መምህር ዓባይነህን ከክፍል ጠርተው ወሰዱት። ሁለት ወር እስር ቤት ስንቅ አመላለሰችለት። አንድ ሐሙስ ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አትልፊ» አላት። በዚያ ጊዜ እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል አቶ ማቴዎስ ጥሩምባቸውን በጋቢ ሸፍነው ደጇ ድረስ መጡ። ጥቂት ቆሙና ተመለሱ። በመስኮት አይታቸዋለች። ድንኳን አልተተከለም፤ «እግዜር ያጽናሽ» ያላት ጎረቤትም የለም። ሰኞ ክፍል ገብታ ስለ ወንዞች አስተማረች።

ከስብሰባው በኋላ ሦስተኛው እሑድ ሲሆን ዝናቡ ሳያባራ ዘጠኝ ቀን ሞልቶት ነበር። የዓለምዘርፍ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የእንጨቱ ድልድይ ላይ ቆም አለች። ወንዙ ጎድሏል። ትናንት የማይታዩት ድንጋዮች ራሳቸውን አውጥተዋል፤ ንጋቷም በመካከላቸው ገብታ ጎደሬ ታጥባለች።

«እትዬ፣ ዛሬስ ወንዙ አዘነልን» አለቻት።

የዓለምዘርፍ ዝናቡን አየች፣ ወንዙን አየች። እየዘነበ ውሃ የሚቀንሰው ከላይ አንድ ቦታ ሲታገድ ነው። ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘግቶታል ማለት ነው፤ የታገደው ውሃ ደግሞ ግድቡን የሚጥስበትን ሰዓት ማንም አያውቅም።

«ንጋቷ፣ ቶሎ ውጪ። እናትሽን ይዘሽ ወደ ትምህርት ቤቱ።»

«እማዬን ማን ያነሳታል፣ እትዬ? ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። አራት ወንድ ትፈልጋለች።»

የዓለምዘርፍ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቀበሌ ሮጠች። በላይነህ ሰማት፤ አመናትም፤ ቸርኬው ተመታ። ከቀበሌው በረንዳ ታች ሰፈር ወለል ብሎ ይታያል። በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ወንዶቹ ጎንበስ እያሉ በየጓሮው ወጥተው ወንዙ ዳር ወዳለው ቡና ሮጡ። ሊሸሹት የሚገባቸው ውሃ አፍ ውስጥ ገቡ።

በላይነህ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ «ጎርፍ ነው፣ ወገኖች፣ ጎርፍ ነው» እያለ ተጣራ። በጮኸ ቁጥር ይብስ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ባለፈው ስኳር ነው ብሎ አይደል?» አለች አንዲት ሴት በሯን እየዘጋች።

የአቶ ማቴዎስ ቤት ከቀበሌው ጀርባ ነው። የዓለምዘርፍ ስትደርስ ጥሩምባውን ከግድግዳ አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር።

«ይንፉት» አለቻቸው።

«መምህርት፣ ማን ሞተ ልበል? ያለ ስም ቢነፋ ሰው ‹ማነው?› እያለ በር ላይ ይቆማል። የቆመ ሰው ስም ደግሞ እኔ አልጠራም።»

«የሞተ ነው የምነግርዎ። መምህር ዓባይነህ ይበሉ።»

አቶ ማቴዎስ ጥሩምባውን ከጉልበታቸው አነሱ።

«አንቺን ቢጠይቁሽስ?»

«ይጠይቁኝ።»

«ቀብሩስ የት ልበል?»

«ትምህርት ቤቱ ሜዳ።»

ተነስተው ወጡ። ታች ሰፈር አናት ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ነፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ለቀቁት። «መምህር ዓባይነህ አርፈዋልና ቀብር ድረሱ። ቀብሩ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። አሁኑኑ ድረሱ።»

መጀመሪያ በሮቹ ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። ከቡናው ውስጥም ወንዶቹ ብቅ ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ አሉ?»

«ዓባይነህ።»

«የቱ ዓባይነህ?»

«አስተማሪው።»

«እሱማ ድሮ...» አለ አንዱ፤ አልጨረሰውም። ከወጡት ውስጥ ዓባይነህ ፊደል ያስቆጠራቸው ነበሩ። ለቀብር የተጠራ ሰው ተደብቆ አይቀርም፤ ቢቀር ነገ ለእሱ የሚመጣ የለም። የእድሩ ቃሬዛ ሲመጣ የዓለምዘርፍ በእጇ ወደ ንጋቷ ቤት አመለከተች። አራት ወንዶች ለሟች በመጣው ቃሬዛ ላይ አሮጊቷን አስተኝተው ተሸከሟት።

ሜዳው ላይ ሰው ሞልቶ ጥቂት እንደቆየ ከላይ ተራራ የሚናድ የሚመስል ድምፅ መጣ። ውሃው ድልድዩን ወሰደ፣ ቡናውን አስተኛው፣ አሥራ አንድ ቤት ጠረገ። ሰው ግን አልወሰደም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ የዓለምዘርፍ ዞረ። ሬሳ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ከቦታው ንቅንቅ ያለ የለም።

በላይነህ በጭቃ ተለውሶ መጣ። «ይህ ስም በአደባባይ የተጠራው በማን ፈቃድ ነው?» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ልማዱ አልነበረም።

«በእኔ» አለች የዓለምዘርፍ። ሕዝብ ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «ባሌ ነው። ሞቷል። በቃለ ጉባኤ ይያዝ ካልክም እኔው እጽፈዋለሁ።»

በላይነህ ወደ ውሃው አየ። ቀጥሎ ቡናው ውስጥ ተደብቀው ወደነበሩት ወጣቶች አየ። ለቅሶ ላይ ባርኔጣ አይደረግም። ባርኔጣውን አወለቀና ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«ልጄ» አለች የንጋቷ እናት ከቃሬዛው ላይ፣ «እግዜር ያጽናሽ።»

ሌሎቹም ተራ በተራ አሏት።

የእድሩ ድንኳን እዚያው ሜዳው ላይ ተተከለ። ቤት የፈረሰባቸው ገቡበት፤ ለቅሶ ደራሹም ገባበት። የዓለምዘርፍ እንደ ሐዘንተኛ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አመሻሹ ላይ አቶ ማቴዎስ ጥሩምባውን በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

«ያን ጊዜ ደጅሽ ቆሜ ነበር» አሉ።

«አይቼዎታለሁ» አለች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችላቸው።